የፍል ውሃው አርባ ደቂቃ

ውድ እትዬ፣

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስነሣው ትያለሽ። ስልኩንማ ሞከርኩት። ስደውልልሽ ገና ሰላም ሳልልሽ ስለ ልጆቹ ትጠይቂኛለሽ፣ ቀጥለሽ ስለ ወገቤ፣ ቀጥለሽ ስለ ዝናቡ። እኔም ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ፤ ልናገር የተነሣሁበትን ነገር ሳልናገር ሰዓቱ ስለሚያልቅልኝ ነው ደስ የሚለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስናወራ ኖርን። ወረቀት ግን አፍ አይዘጋም፣ ጨዋታም አይቀይርም።

ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ዋናውን አሁኑኑ ልንገርሽ፤ ቀሪውን ብትፈልጊ አንብቢው፣ ባትፈልጊ ተይው። የአባባ ቀይ ሸንኮራ ምንም በሽታ አልነበረበትም። ያንን ጥቁር በሽታ ማሳሽ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ጣቱን አንቺ ላይ ሲቀስር አጠገብሽ ቆሜ ነበር፤ ዝም ብዬ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ጠዋት የገበሬዎች ማኅበሩና ስኳር ፋብሪካችን በመጋዘኑ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም ገበሬ ከራሱ ማሳ ዘር ቆርጦ እንዳይተክል፣ በየአጥሩ ሥር የተረሳ አሮጌ ሸንኮራ ካለም ተነቅሎ እንዲቃጠል። ለዚህ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ሪፖርት የእኔ ነው። “የበሽታው መነሻ የአካባቢው ነባር ዘር መሆኑ ተረጋግጧል” ይላል። ያረጋገጠው ማነው ብትይ፣ እኔ። መነሻው የማን ማሳ ነው ብትይ፣ ያንቺ። የቀረው ፊርማዬ ነው። የእርሻ ክፍል ኃላፊያችን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄዷል፤ ሰውየው አርቆ አሳቢ ስለሆነ እስክሪብቶውንም ጭምር።

እንዳልፈርም ያደረገኝን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፤ የተቃጠለው ምን እንደነበር ሳላውቅ አይደለም ያደረግኩት። ባላውቅ ኖሮ ይቅርታ ለመጠየቅ ይቀለኝ ነበር።

እናታችን ስትሞት አንቺ ገጀራውን ያዝሽ፣ እኔ ደብተሬን። አባባ እኔን ማሳ ውስጥ የሚያስገባኝ ከእግሩ ሥር እንዳልጠፋበት እንጂ ለሥራ አልነበረም። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ የሒሳብ ጥያቄ ስሠራ አንቺ የእሱን ያለቀ ካልሲ ጣቱን ቆርጠሽ ክንድሽ ላይ ታጠልቂና ትገቢያለሽ፤ የሸንኮራ ቅጠል እንደ ምላጭ ነዋ። ካልሲውም አያድንሽም ነበር። ከሰዓት በኋላ ስትወጪ ክንድሽ ላይ ያለው ጭረት እኔ ከጻፍኩት መስመር ይበልጥ ነበር። አባባ ከኋላሽ እየሄደ ጉቶውን ያያል። “ዝቅ አድርገሽ ቁረጪ፤ ጣፋጩ እግሩ ላይ ነው። አፈር ውስጥ ስኳር ጥለሽ አትሂጂ” ይልሻል።

የዘር ቀን ሲሆን ደግሞ “ታችኛው ለአፍ፣ ላይኛው ለአፈር” ይላል። እኔ ይህንን ኮሌጅ ገብቼ በአራት ገጽ ተማርኩት። ከአናቱ በኩል ያለው ለጋ አገዳ ሦስት ሦስት ዓይን እንዲኖረው ሆኖ ይቆረጣል፣ ዓይኑ ወደ ጎን እንዲያይ ሆኖ በቦዩ ውስጥ ይጋደማል፣ ሁለት ጣት አፈር ይለብሳል። ዓይኑ ወደ ታች ከዞረ ፀሐይ ፍለጋ ሲዞር ጉልበቱን ይጨርሳል ትይ ነበር። መምህራችን ይህንኑ ሲያስረዳን ከክፍሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት በአንቺ እውቀት ነው። ከዚያ በኋላ ጎበዝ ተማሪ ተባልኩ።

ተመርቄ ስመጣ ያቺን የጭማቂ ጣፋጭነት መለኪያ መነጽር ይዤ መምጣቴ ትዝ ይልሻል? አንዲት ጠብታ ያደርጉባትና ወደ ብርሃን አዙረው ያዩባታል። አገላብጠሽ አየሻትና “ፋብሪካው ምላስ ገዛልህ?” አልሽኝ። ከዚያ አንድ አገዳ ቆርጠሽ እንደ አባባ ከእግሩ፣ ከወገቡና ከአናቱ አንድ አንድ አንጓ አኘክሽ። እግሩ ደርሷል፣ አናቱ ገና ውሃ ነው፣ ሦስት ሳምንት ይቆይ አልሽ። መነጽሬም ያንኑ አለች። አጋጣሚ ነው አልኩሽ። አጋጣሚ አለመሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ገና በመጣሁ በሁለተኛው ቀን በእህቴ ምላስ መበለጥ አልፈለግኩም።

ያንን ቀይ ሸንኮራ አንድ ጊዜ ተክላችሁት ከጉቶው እየበቀለ ዘጠኝ ጊዜ ቆርጣችሁታል። ቦዩ የደረቀበት ዓመት ቅጠሉን ጠቅልሎ ዝም አለ፤ ውሃው ሲመጣ እንደገና ተነሣ። በአካባቢው ያለ ቀይ ሸንኮራ ሁሉ ዘሩ ከእኛ ቦይ ዳር የሄደ ነው። ዘር ያለቀበት ሰው ገመድ ይዞ ይመጣል፣ አባባ አንድ እስር ቆርጦ ያሸክመዋል፣ ሰውየው “ያብዛልህ” ብሎ ይሄዳል፤ በቃ። ፋብሪካው አዲሱን ነጣ ያለ ወፍራም ዘር ሲያመጣ እኔ ነኝ በየቤቱ ዞሬ ያስተዋወቅኩት። አልዋሽሽም፣ አዲሱ ጭማቂው ብዙ ነው፤ ለመፍጫው ይመቻል። ሦስተኛው ቆረጣ ላይ እንደሚቀጥን፣ ጥም እንደማይችል ግን በአዋጅ አልተናገርኩም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኔ ደግሞ መዳብ ነው ብዬ በማኅተም ያረጋገጥኩ ሰው ነኝ። አንቺ አልተከራከርሽኝም። ትልቁን ማሳ ለአዲሱ አደርጋለሁ፣ የአባባን ሦስት መስመር ቦዩ ዳር ተዉልኝ አልሽ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

የፋብሪካውን የዘር ማሞቂያ ገንዳ ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን መጥተሽ “ሸንኮራ ገላውን ይታጠባል እንዴ?” ብለሽ ሠራተኞቹን አስቀሻቸዋል። ከሌላ ቦታ የመጣ ዘር ዓይኑ ውስጥ በሽታ ደብቆ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከመተከሉ በፊት ሃምሳ ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ይነከራል። ሙቀቱ ከበዛ ዓይኑ ይቀቀላል፤ ጊዜው ካጠረ በሽታው ይተርፋል። የእኔ ሥራ ቴርሞሜትሩንና ሰዓቱን አይቶ ቅጽ መሙላት ነበር። አንቺ ክንድሽን አስበልተሽ ያስተማርሽኝ ለዚህች ሥራ ነው።

የዚያን ቀን የውሃ ተራሽ ነበር። እስከ ቀትር ቦዩ ያንቺ ነው፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የእስኪ እንየው፣ ፀሐይ ወጣች ቢሏቸው እንኳ “እስኪ እንየው” የሚሉት ሽማግሌ ጎረቤትሽ። ተራሽ ካለፈ አሥር ቀን መጠበቅ ነው። በዋዜማው “ዘሩ ካልደረሰ ተራዬ ይለፍ፤ አሥር ቀን የገደለው ገበሬ የለም” ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ለእህቴ አደርሳለሁ ብዬ በሰው ፊት ፎክሬ ነበርና፣ በዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ የነበርሽውን አንደኛ አደረግኩሽ። ጠዋት የውሃ ማሞቂያው አልነሣ ብሎ ዘገየ። የጭነት መኪናው ሾፌር ጥሩምባውን ያንባርቃል። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘሩ ከገባ አርባ ደቂቃ ሆኖታል። ሲያዩት ጤነኛ ነው፣ የመጣበት የዘር ማባዣ ጣቢያም የታወቀ ነው፣ አንድ ቀን ምን ይሆናል አልኩ። አውጡት አልኳቸው። ቅጹ ላይ “ሁለት ሰዓት” ብዬ ጻፍኩ። እጅ ጽሑፌ እንደዚያን ቀን አምሮልኝ አያውቅም።

ማሳው ዳር ስንደርስ ውሃው ቦዩ ውስጥ መግባት ጀምሯል፣ ስድስት ሠራተኞች አጎንብሰው ይጠብቃሉ። አንቺ ከእስሩ አንድ ቁራጭ መዘሽ አገላበጥሽው።

“ምሁሩ፣ ሰዓቱን ጨርሷል?” አልሽኝ።

“ጨርሷል” አልኩሽ።

ጎንበስ ብለሽ መትከል ጀመርሽ። እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ አብሬሽ ተከልኩ፤ እንዲያውም ስዘፍን ነበር።

በአምስተኛው ወር ከሸንኮራው አናት ላይ ያ ጥቁር ጅራፍ ወጣ። ቀጭን ነው፣ ወደ ታች ይቆለመማል፣ ሲነኩት ጥላሸት ይበናል። ነፋሱ ጥላሸቱን ይዞ ወደ እስኪ እንየው ማሳ ተሻገረ፣ ከእሳቸው ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር። ሰው ሁሉ ማሳሽ ዳር ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ ይህ ነገር ከየት መጣ አለኝ። ያቺ ቅጽ በፋይል ውስጥ አለች፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ኃላፊዬ አጠገቤ ቆሟል። ቦዩ ዳር ካለው አሮጌ ዘር ሊሆን ይችላል አልኩ። በእኛ ሙያ ሊሆን ይችላል ማለት አላውቅም ማለት ነው፤ በተበሳጨ ገበሬ ጆሮ ግን ነው ማለት ነው። ይህንን እያወቅኩ ነው ያልኩት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለውን ያን ዕለት በገዛ አፌ ሰማሁት።

ቀና ብለሽ አየሽኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየሽኝ። ከዚያ “ባለሙያው እንዳለው ይሁን” አልሽና ዞር አልሽላቸው። የአባባ ሦስት መስመር ለምለም ስለነበር እሳቱ እንቢ አለ፤ ደረቅ ገለባ ተሸክሞ መጥቶ ነው የተለኮሰው። አንዱን ሸክም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያላየሽኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ያንን ዓመት ለቆረጣ ማንም አልመጣልሽም። ሁሌ በየተራ ነበር የምትረዳዱት፤ አንቺ ያልቆረጥሽለት ጎረቤት የለም። ብቻሽን ገባሽ። የተቆረጠ ሸንኮራ በሁለት በሦስት ቀን ካልተፈጨ ይኮመጥጣል፤ አንቺ አንድ መኪና ሙሉ ለመቁረጥ ስድስት ቀን ፈጀብሽ። ፋብሪካው በር ላይ መልሰውት መጣ። እኔ በዚያ ሳምንት ሥልጠና ላይ ነበርኩ ብዬሻለሁ። ሥልጠናው የሁለት ቀን ነበር። የቀሩትን ቀናት አንድ ማረፊያ ቤት አልጋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ነው ያሳለፍኳቸው። ስመለስ ቤቱን ቆልፈሽ ከተማ ልጅሽ ዘንድ ሄደሻል። ቁልፉን ለእኔ አልተውሽም፤ ለአጥር ጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ ለእማማ መርፌ ነው የሰጠሽው። የዚያን ጊዜ ቅር አለኝ፣ አፌን ሞልቼ ለሚስቴም ነገርኳት። እስቲ አሁን የእኔ ቅር ማለት ምን የሚሉት ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ነው እንግዲህ። የሥራ ቱታዬ ዚፑ ተበላሽቶ እማማ መርፌ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክሩን መርፌው ውስጥ የሚያስገባላቸው ደንበኛው ነው። እኔ ክሩን ስታገል በኋላ በር በኩል በጓሮው የመጋረጃ ጨርቅ የተጋረደ ነገር አየሁ። ነፋስ ጨርቁን ገለጥ ሲያደርገው ቀይ አገዳ ነው። መርፌውን ጣልኩት። ሄጄ ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት ጉቶ ነው፣ ከያንዳንዱ ስምንት ዘጠኝ አገዳ ወጥቷል። ከአጥሩ ማዶ ያንቺ ማሳ ነው፤ ዛሬም ባለቤት አጥቶ ጥቁሩ ጅራፍ በራሱ ጊዜ ይበቅልበታል። ጥላሸቱ ስድስት ዓመት በዚያ አጥር ላይ ሲነፍስ ኖሯል። አንዱንም ቀይ አገዳ አልነካውም። ቅጠል በቅጠል፣ ዓይን በዓይን አየሁት፤ በመነጽር አየሁት፣ ሁለት ቁራጭ ወስጄ በቤተ ሙከራ አየሁት። ንጹሕ ነው።

ከየት አመጡት አልኳቸው። ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ማለዳ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለሽ በአጥሩ ላይ እንዳቀበልሻቸው ነገሩኝ። ከስፌታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ ነው የነገሩኝ።

ሐሙስ የሚጸድቀው ደንብ ከጸደቀ እነዚህ አሥራ አራት ጉቶዎች ይነቀላሉ። የሚያስነቅለው ወረቀት እፊቴ ተቀምጧል። ብናገር ሥራዬን አጣለሁ፤ የፋብሪካውን ቤትም እንለቃለን፤ ልጆቹ አባታቸው ምን እንደሆነ ከሰው አፍ ይሰማሉ። ባልናገር ደግሞ አባባን ሁለተኛ ላቃጥለው ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ ቢታሽ አይድንም ይላሉ፤ እኔ ስድስት ዓመት በዝምታ ሳሸው ኖርኩ። እትዬ፣ እፈራለሁ። ልናገር ወስኛለሁ ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ ስርዙን ታይዋለሽ። እዚህ ላይ ላቁም።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከላይ ያለውን መልሼ አንብቤዋለሁ፤ አንዳንዱ ያሳፍራል፤ ግን አልቀደድኩትም።

ትናንት አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሪፖርቱን እንዳነብ ሲጠሩኝ ሪፖርቱን ወንበሬ ላይ ትቼ የስድስት ዓመቷን ቅጽ ይዤ ወጣሁ። ከፋይል ክፍል ረቡዕ ነው ያወጣኋት። ቀኑን፣ የገበሬዋን ስም፣ የውሃውን ሙቀት አነበብኩላቸው። “የቆየበት ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት” የሚለው ላይ ስደርስ ይህ ውሸት ነው፣ አርባ ደቂቃ ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ የእማማ መርፌን አንድ አገዳ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩትና የት እንደበቀለ፣ ከምን አጠገብ እንደኖረ ነገርኳቸው። አዲሱ ዘር አይምጣ እንዳላልኩ፣ ደጃችን ያለውን ግን ምን እንደሆነ ሳናውቅ አንንቀል እንዳልኩ፣ እኔ አንድ ጊዜ ሳላውቅ ሳይሆን እያወቅኩ አስቃጥዬ እንደነበር ተናገርኩ። ከዚህ በላይ ብዙ ልል አስቤ ነበር፤ ጠፋብኝ።

ኃላፊዬ ወረቀቱን ሰብስቦ የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ እንዳስረክብ በጆሮዬ ነገረኝና ወጣ። እሱን አልቀየምኩትም። የከበደኝ ሰዉ ነው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ያለውን አገዳ ያያል። በመጨረሻ እስኪ እንየው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

“አንተ ዋሸህ፤ እሺ” አሉ። “እኔስ? ብቻዋን ስትቆርጥ ገጀራዬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ያንን ደግሞ ማን ዋሽቶኝ ነው?”

ሊቀመንበሩ አቀርቅሮ ደንቡ ለአንድ ዓመት ይቆይ፣ ቀዩ ዘር ይጠና ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ስወጣ መንገድ ለቀቁልኝ፤ በክብር አይደለም፣ እንዳልነካቸው ነው። አንዳንዶቹ በቀጥታ እማማ መርፌ ቤት ሄደው ገመድ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ዘሩ ባለቤት አለው፣ እሷ ሳትመጣ አንድ ዓይን አልሰጥም ብለው መለሷቸው። እኔ ግን ነይ አልልሽም። ነይ ለማለት አፍ የለኝም።

ሁሉ ሲበተን አገዳቸውን ልመልስ ገባሁ። ለእህቴ ሁሉንም ጽፌ እነግራታለሁ፣ ታሪኩን ሳታውቅ ስድስት ዓመት ኖረች አልኳቸው። ማሽናቸውን አቆሙ።

“ታውቃለች እኮ” አሉኝ።

ለእሳቸው እንደነገርሻቸው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የምታውቂው። ቁራጩን ስታገላብጪው አውራ ጣትሽ ላይ ያ የሸንኮራ ነጭ ሰም ቀርቶ ነበር። ገንዳው ውስጥ ሰዓቱን የጨረሰ ዘር ሰሙ ለቆ ልጣጩ ወዝ የለውም፤ ያንን ስንት ጊዜ በእጅሽ ዳሰሽዋል። እኔ ባለሙያው ያንን ነጭ ነገር አላየሁትም፤ ፊትሽን ነበር የማየው። ታዲያ ለምን ተከለችው አልኳቸው።

“እኔም ጠይቄያታለሁ” አሉ። “‘ጠየቅኩት፣ ጨርሷል አለኝ። ያን ሁሉ ሠራተኛ አቁሜ አልተክልም ብል ወንድሜን ውሸታም ማለቴ አይደል?’ አለችኝ። ‘እኔም እያወቅኩ ተክያለሁና እጄ አለበት’ ነው የምትለው። ለዚያ ነው ስታሳብቡባት አንድ ቃል ያልተነፈሰችው።”

እትዬ፣ ይህንን ለስብሰባው አልተናገርኩም፤ አላውቀውም ነበር። አሁንም ለማንም አልናገረውም። ግን ስሚኝ፣ እጅሽ የለበትም። አንቺ ጠይቀሻል፣ እኔ መልሻለሁ። ጠይቆ የተዋሸ ሰው ጥፋተኛ ከሆነ እኔ የምገባበት ቦታ ከየት ይገኛል? ያንን ሸክም ስድስት ዓመት ይዘሽልኝ ኖርሽ። ይበቃሻል፣ የእኔ ነውና መልሺልኝ።

ወጥቼ ልሄድ ስል እማማ መርፌ አስቀሩኝና ሌላም ነገሩኝ። እሱን ሰምቼ እሳቸው ሱቅ ውስጥ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በየወሩ ትደውይላቸዋለሽ። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርሱ “ተናገረ?” ትያቸዋለሽ። ገና ነው ይሉሻል። “ይናገራል፣ አውቀዋለሁ” ትያቸውና ስለ ሌላ ነገር ታወሪያቸዋለሽ። በየወሩ ነው። ለእኔ ደግሞ ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ሁልጊዜ “ሌላስ?” ትይኝ ነበር፤ እኔም ሌላ የለም እልሽ ነበር።

የዚህ ወር ስልክሽ ሲመጣ እማማ መርፌ እንዳይመልሱልሽ ለምኛቸዋለሁ። እሺ ብለውኛል። ይህንን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ለመጀመሪያው አውቶቡስ ሾፌር በእጁ እሰጠዋለሁ፤ መልሱን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

ተናግሬያለሁ፣ እትዬ።

ታናሽ ወንድምሽ